አልወጣም ያለው ማርሽ

መካኒኩ የሞተው ዕድሜ ልኩን በተኛበት ቦታ፣ መኪና ሥር ነው። ጋራዡ ደጃፍ ተዳፋቱ ላይ የቆመችው የመስክ መኪና ቁልቁል ተንሸራታ ደረቱ ላይ ወጣችበት። መርማሪዋ ስትደርስ ሬሳው ተነሥቷል። ግቢው ውስጥ ከፖሊሶቹ ሌላ የቀሩት ሦስት ናቸው፤ ሚስቱ፣ ታናሽ ወንድሙና አብሮት የሚሠራው በያጅ። የበያጁ እጅ በካቴና ታስሯል። ጎማ ሥር ታኮ ማድረግ የእሱ ሥራ ነበር፤ ታኮው የተገኘው ግን ግድግዳው ጥግ ነው። በቸልተኝነት ሰው ገድለሃል ተብሎ ወህኒ ሊወርድ ነው።

«በልጆቼ እምላለሁ፣ አድርጌያለሁ!» አለ።

ወንድምየው ዓይኑ በለቅሶ አብጧል። በመኪናዋ ተራራ ለተራራ እንግዳ የሚያመላልሰው እሱ ነው።

«አትፍረዱበት» አለ። «ጥፋቱ የትራንስፈር ኬዙ ነው፤ ኃይሉን ለፊትና ለኋላ ጎማ የሚያከፋፍለው ሳጥን። ካረጀ ቆየ። የሳጥኑ ትንሿ ማርሽ በራሷ ጊዜ እየወጣች ዜሮ ትገባለች። ያኔ ዋናው ማርሽ ቢገባም ጎማውን የሚይዘው ነገር የለም። ዛሬም በሩ ላይ ሆኜ ‹ቀጭ› ስትል ሰማኋት። ጋሼ ብዬ ሳልጨርስ...»

«የእጅ ፍሬኑስ?»

«ገመዱ ተበጥሷል። የእኛ ቤት መኪና መቼ ሞልቶላት ያውቃል? አንደኛ ያስገባል፣ ታኮ ያስደርጋል፣ ይተኛል። ልማዱ ነው።»

መርማሪዋ መኪናው ውስጥ ገባች። ዋናው ማርሽ አንደኛ ላይ ነው፤ ትንሿ ዜሮ ላይ። በአንድ እጇ ብትስባት ንቅንቅ አላለችም። ጥርሷን ነክሳ በሁለት እጇ ነው ያስገባቻት። «በራሷ ትወጣለች የተባለች ማርሽ እንዲህ ታለፋለች?» ብላ አጉረመረመች። ወርዳ መኪናዋ ሥር አጎነበሰች። ሳጥኑ ተወልውሏል፣ ብሎኖቹ አዲስ ናቸው፣ የዘይት ጠብታ የሚባል የለም።

ሚስቲቱን ለብቻዋ ወደ ቤት አስገባቻት።

«እናቴ፣ ይህን ሳጥን ማን ነካው?»

«ባለቤቴ ነዋ። ወንድሙ በሌላ መኪና ለሥራ ሄዶ ሳለ ውስጡን ሁሉ በጠንካራ ዕቃ ቀየረው። ‹እንዳትነግሪው፣ ሲነዳት ራሱ ይወቀው› አለኝ።»

«ሌላ የሚያውቅ አለ?»

«በያጁ ብቻ። ማቀፊያውን የበየደለት እሱ ነው።»

«ወንድማማቾቹ ይስማማሉ?»

«ጋራዡን እንሽጥ፣ አንሸጥም ይባባላሉ። ታናሽየው እንሽጥ ብሎ አጥብቆ ይዞታል። ግን የወንድም ጭቅጭቅ ነው፤ ተጨቃጭቀው አብረው ይበላሉ።»

መርማሪዋ ሁሉንም ደጃፉ ላይ ሰበሰበች። መኪናዋ ተዳፋቱ ላይ ወጣች፤ ሁለቱም ማርሾች ገቡ፤ ታኮ አልተደረገም። ፖሊሶቹ ትከሻቸውን ሰጥተው ገፏት፣ ወዘወዟት። ማርሿ ከቦታዋ አልወጣችም።

«ድገሙ!»

ላባቸው ጠብ እስኪል ደገሙ። አሁንም አልወጣችም።

«እንግዲህ ዜሮ ያደረጋት የሰው እጅ ነው» አለች መርማሪዋ። «ሟቹ ዜሮ አድርጎ ሥሯ አይተኛም። ገዳዩ መጀመሪያ ማርሿን አወጣ፣ ቀጥሎ ታኮውን ነቅሎ ወረወረ። ታኮውን ቢነቅል በቃው ነበር እንዳትሉ፤ አንደኛ ማርሽ ይይዛታል። ደግሞም ያረጀው ሳጥን ጥሩ ሰበብ ነው። ግን ሳጥኑ መታደሱን የሚያውቅ ሰው ይህን ሰበብ አይመርጥም። ሚስቱ ታውቃለች፤ በያጁም ያውቃል። የማያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ያልተሰማ ድምፅ ሰማሁ ብሎኛል።» ወደ አንዱ ፖሊስ ዞረች። «የበያጁን እጅ ፍታ።»

ወንድምየው ፊቱ አመድ መሰለ።

«ታድሷል? መቼ?»

ሚስቲቱ ቀስ ብላ ቀረበችው። ጠዋት ትከሻው ላይ ተደፍታ አልቅሳ ነበር፤ አሁን ያ ትከሻ አንገሸገሻት። ባሏን ብቻ ሳይሆን እሷንም ነው የካዳት።

«አንተ በሌለህበት ጊዜ» አለችው። «‹ቁልቁለት ላይ ማርሽ ወጥቶበት ወንድሜን እንዳያሳጣኝ› ብሎ፣ እንቅልፉን ትቶ የሠራው ለአንተ ነው።»

ወንድምየው እንደገና ማልቀስ ጀመረ። በዚህ ጊዜ ግን ማንም አላባበለውም።