የታጠነ ወተት

ሳጋል የጠርሙሱን ክዳን ከፍታ አፍንጫዋን አስጠጋች። የግመል ወተቱ ጭስ ጭስ ይላል። ሌላ ጠርሙስ ከፈተች፤ እሱም ያው ነው። በየክረምቱ ሽንሌ አክስቷ ቤት እየጠጣች ያደገችበት ሽታ ስለሆነ ልትሳሳት አትችልም።

«ካፊያ፣ ይሄን ከየት ነው የቀዳሽው?»

ጓንቷን እያጠለቀች የነበረችው ካፊያ ቀና ብላ አየቻት። «ከሽንሌ ነዋ። ምነው?»

«ከግመሏ ወይስ ከዲል?»

ካፊያ ወደ በሩ ተመለከተች።

ዲል የሶማሌ እናቶች ወተት የሚያስቀምጡበት በቃጫ የተሠራ ዕቃ ነው። ወተት ከመጨመራቸው በፊት ውስጡን በእንጨት ጭስ ያጥኑታል፤ ጭሱ ወተቱ ቶሎ እንዳይበላሽ ያደርጋል። የመምህራቸው የዶክተር ይሁን ጥናት የሚፈልገው ግን ጭስ ያልነካውን ወተት ነበር። ከግመሏ ጡት በቀጥታ ጠርሙስ ውስጥ መግባት አለበት፤ አለዚያ በወተቱ ውስጥ ምን ያህል ጀርም እንዳለ ማወቅ አይቻልም።

ሁለቱ ልጆች ጅግጅጋ ዩኒቨርሲቲ የሁለተኛ ዓመት የባዮሎጂ ተማሪዎች ናቸው። ካፊያ ዶክተር ይሁን ላብራቶሪ ቀድማ ገብታለች። ሳጋልን ደግሞ እሳቸውም መምህርት ንጋቷም ስለፈለጓት የአንዳቸውን ላብራቶሪ መምረጥ ነበረባት። የመምህርቷ ላብራቶሪ የከተማውን ውሃ ይመረምራል፤ ዕቃው አሮጌ ነው፤ ተማሪው ግማሽ ቀን ብርጭቆ ሲያጥብ ይውላል ይባላል። የዶክተሩ ላብራቶሪ ግን አዲስ ፍሪጅ አለው፤ በመኪና መስክ ያስወጣል፤ በቅርቡም አዲስ አበባ ጉባኤ ላይ ውጤቱን ያቀርባል። ሳጋል ለሙከራ እዚህ የገባችው ልቧ ቀድሞ እዚሁ ገብቶ ስለነበር ነው። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አብራት የተማረችው ካፊያም እዚህ ናት።

ካፊያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ የሆነውን ነገረቻት። ግመል የሚያልቡት ወንዶች ናቸው። አንድ ሽማግሌ የማለቢያ ዕቃቸውን ጉልበታቸው ላይ አስደግፈው ሲያልቡ አጠገባቸው ቆማ ጠርሙሷን መዘርጋት አቃታት። እናቶቹ ግራ መጋባቷን አይተው፣ ምን ያስጨንቅሻል ልጄ ብለው ከዲላቸው ቀዱላት። እሷም ተቀብላ መጣች።

«አንቺ ብትሆኚ ሽማግሌውን ‹ጠርሙሴ ውስጥ ይለቡልኝ› ትያቸው ነበር?» አለች። «ወተቱ ንጹሕ ነው ተብሎ ዶክተር እንዴት እንደተደሰቱ አይተሻል። ዋላሂ፣ ካወቁ ያባርሩኛል።»

ሳጋል እሷም ብትሆን እንደምታፍር ታውቃለች። ቢሆንም የሐሰት ውጤት ይዞ አዲስ አበባ መሄድ አልዋጥልሽ አላት። የካፊያን ስም ሳታነሳ ለዶክተሩ ልትነግራቸው ወሰነች።

ቢሯቸው ገብታ፣ ወተቱ ጭስ ጭስ ስለሚል ናሙናው እንደገና ቢሰበሰብ እንደሚሻል በአክብሮት ተናገረች። ዶክተር ይሁን ፈገግ አሉ።

«እዚህ አገር ስኖር ስንት ዓመቴ ነው፣ ሳጋል? የታጠነ ወተት ሽታ የማላውቅ መሰለሽ?»

 እሳቸው ቀጠሉ፤ ጉባኤው ደርሷል፣ መኪናም በተፈለገ ጊዜ አይገኝም አሉ። ጎበዝ ስለሆነችም እንደሚፈልጓት ነገሯት። ከዚያ እንደሚያጽናና ሰው ድምፃቸውን አለዘቡ።

«ነገሩ ቢነሳ እንኳ ናሙናውን ያመጣችው ካፊያ ናት። አንቺን የሚነካሽ ነገር የለም።»

ካፊያ ውጭ ዛፍ ጥላ ሥር ቆማ ትጠብቃት ነበር። ሳጋል አንድም ሳታስቀር ነገረቻት፤ ሰውዬው ሁሉን እንደሚያውቁ፣ ጣጣ ሲመጣ ግን እሷን አሳልፈው እንደሚሰጡ። አብረን ሽንሌ እንሂድ፣ የአክስቴ ባል ጠርሙሱ ውስጥ ያልብልናል ብላም ለመነቻት።

ካፊያ እስክትጨርስ አልጠበቀችም።

«ቦታዬን ፈልገሽ ነው አይደል? እኔን አስባርረሽ አዲስ አበባ ልትሄጂ!»

«ካፊያ፣ ለራስሽ ብዬ ነው።»

«ተይኝ። ቅናት ነው የያዘሽ።»

ካፊያ ባጃጅ አስቁማ ብቻዋን ሄደች። ሳጋል መንገዱ ዳር ቀረች። የሚያመው እውነቱን ነግራት ሳለ ካፊያ ከእሷ ይልቅ ሰውዬውን ማመኗ ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ካፊያ ግቢ ውስጥ ስታያት መንገድ ትቀይር ጀመር።

በሳምንቱ ሳጋል የመምህርት ንጋቷን በር አንኳኳች። መምህርቷ ከየሰፈሩ ቢርካ፣ ከዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያው፣ በጄሪካን የመጣ ውሃ እየቀዱ ነበር። እዚህ መሥራት እንደምትፈልግ ስትነግራቸው ሥራቸውን አቁመው አዩዋት።

«የወተቱን ላብራቶሪ ተማሪው ሁሉ ይጋፋበታል። አንቺ አግኝተሽው ለምን ተውሽው?»

ሳጋል አፏን ከፈተች። ከተናገረች መጀመሪያ የሚጠራው የካፊያ ስም ነው፤ ዶክተሩ ራሳቸው ይጠሩታል። ሆድ ይፍጀው ካለችም ካፊያ ትድናለች፤ ዶክተሩም ቀና ብለው አዲስ አበባ ይገባሉ። ይሄኛው አንገበገባት።

«ውሃ ይሻለኛል፣ ቲቸር» አለች።

መምህርት ንጋቷ ሌላ ነገር እንደማትጨምር ሲገባቸው ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው አሮጌ ጋዋን አመለከቷት። ሳጋል አውርዳ ለበሰችውና ያልታጠቡት ብርጭቆዎች ወደተከመሩበት ገንዳ ሄደች።