ካርዱን እመኚ

ሩቅያ ጠዋት ከቤት ከመውጣቷ በፊት የአባቷን ትንፋሽ ትቆጥራለች። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ፣ የእጅ ሰዓቷን የሰከንድ ቆጣሪ እየተከተለች፣ ጋቢው ከፍ ዝቅ ባለ ቁጥር በልቧ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ስትል ደቂቃው ይሞላል። አቶ ይመር ሠላሳ ዓመት ወፍጮ ቤት ሠርተዋል። ወፍጮውን ከተዉ ስድስት ዓመት ቢሆናቸውም ዱቄቱ ግን ከደረታቸው አልወጣም፤ ሲተነፍሱ በበር ስንጥቅ የሚገባ ነፋስ የመሰለ ቀጭን ሲርታ ከጉሮሯቸው ይሰማል፣ ሩቅያም ያንን ድምፅ ከሺህ ሰው መሃል ትለየዋለች። ሃያ አራት፣ ሃያ አምስት ከሆነ ደህና ነው። ከሠላሳ ካለፈ፣ «ፓፍ» የሚሏትን ሰማያዊዋን የሚነፋ መድኃኒት ከመስኮቱ ደፍ ላይ አንስታ ሁለት ጊዜ ትነፋላቸዋለች።

«ስንት ሆነ?» ይላሉ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

«ሃያ አራት።»

«አልሀምዱሊላህ። በይ ሂጂ፣ እንዳይረፍድብሽ።»

ባለፈው ዓመት በረመዳን አጋማሽ፣ ከንፈራቸው ጠቁሮ ወለሉ ላይ የወደቁ ጊዜ፣ አምቡላንስ እስኪደርስ አንድ ሰዓት ከሩብ ፈጅቶ ነበር። ጎረቤቱ ውሃ ሲረጭ፣ ሎሚ ሲያሸት፣ ዱዓ ሲያደርግ፣ ሩቅያ ግን ምን እንደሚደረግ ስለማታውቅ እጇን አጣምራ ቆማ ቀረች። በአላህ ፈቃድ ተረፉ። እሷም በወሩ ለድንገተኛ ህክምና ቴክኒሻንነት ስልጠና ተመዘገበች። ሌላ ምክንያት አልነበራትም፤ ያ ቀን ተመልሶ ሲመጣ አባቷ አጠገብ ሥራውን የሚያውቅ እጅ እንዲኖር ነው የፈለገችው።

ትምህርቱን ይዛዋለች። ስብራት በማሰር፣ ደም በማቆም፣ ደረት በመጫን ከክፍሉ የሚስተካከላት አልነበረም። የጣላት ትሪያጅ ነው፤ ብዙ ሰው በአንዴ የተጎዳበት ቦታ ገብቶ ማን ቅድሚያ እንደሚያገኝ መለየት። ለአንድ ቁስለኛ ሠላሳ ሰከንድ ብቻ ይሰጣል፤ ታየዋለህ፣ እጁ ላይ ሪባን ታስራለህ፣ ታልፋለህ። አረንጓዴ መቆየት ለሚችል፣ ቢጫ ትንሽ ለሚታገስ፣ ቀይ አሁኑኑ ሊታከም ለሚገባው፣ ጥቁር ላለቀለት። መለማመጃው ቦርከና ወንዝ ዳር ያለ የድሮ የእህል መጋዘን ነበር። አሥራ ሁለት ሰዎች፣ ግማሾቹ የምትማርበት ኮሌጅ የጽዳት ሠራተኞች፣ ግማሾቹ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች፣ ቁስለኛ ሆነው በየቦታው ይተኛሉ። በየአንገታቸው የተንጠለጠለ ካርቶን ላይ ትንፋሻቸውና የልብ ምታቸው ተጽፏል። ጤነኛ ሰው የሞተ መስሎ ቢተኛም መተንፈሱ አይቀርም፤ ስለዚህ የመጋዘኑ ሕግ አንድ ብቻ ነው።

«ሰውየውን ተዪው፣ ካርዱን እመኚ» ትላለች አሰልጣኟ ሲስተር መንበረ። «ካርዱ ሞቷል ካለ ሞቷል። ቢያስነጥስም ሞቷል።»

በመጀመሪያው የብቃት ምዘና ያስነጠሰ አልነበረም፤ ያሳሉት የጽዳት ሠራተኛዋ እትዬ አሚናት ናቸው። ካርዳቸው «ትንፋሽ፦ የለም» ይላል፣ እሳቸው ግን የመጋዘኑ አቧራ ጉሮሯቸው ገብቶ ትን ሲላቸው ዓይናቸው እንባ ሞላ። ሩቅያ ሪባኑን ጥላ ቀና አደረገቻቸው፣ ጀርባቸውን መታ መታ አደረገች፣ ውሃ ስጡኝ ብላ ጮኸች። ሠላሳው ሰከንድ አለፈ፣ ሁለት ደቂቃም አለፈ፣ ወደቀች። አብሯት የሚማረው ወንዲፍራው ከዚያ ቀን ጀምሮ «ሙት ቀስቃሿ» ይላት ጀመር፤ ክፍሉ ሁሉ ሳቀ፣ እሷም እየሳቀች ሆዷ አረረ። የሚቀራት አንድ ዕድል ነው። በሁለተኛው ምዘና ከወደቀች የዓመቱን ልፋት ውሃ በላው።

ባለ ሰከንድ ቆጣሪውን ሰዓት የሰጧት አባቷ ናቸው። «የጣለሽ ሰዓት ነው፤ ሰዓት ያንሳሽ» ብለው ራሳቸው እጇ ላይ አሰሩላት።

ሦስት ሳምንት ተለማመደች። የመጋዘኑ መስኮቶች የእውነት አደጋ እንዲመስል በጆንያ ተሸፍነዋል፤ ብርሃን የሚገባው በቆርቆሮው የሚስማር ቀዳዳ ብቻ ነው፣ ጣሪያው ፀሐይ ሲመታው ቷ፣ ቷ ይላል፣ ወለሉ የከረመ ማሽላና በረኪና ይሸታል። ከቁስለኛ ወደ ቁስለኛ ትንበረከካለች፣ ካርድ ታነባለች፣ ታስራለች፣ ትነሣለች። ግራኝ ስለሆነች ቋጠሮዋ ወደ ውስጥ ይዞራል፤ ሲስተር መንበረ ሪባኑን አይታ ብቻ የሩቅያ መሆኑን ታውቅ ነበር። መጀመሪያ ሰሞን የተኙት ሰዎች ዓይን ይከብዳት ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ዓይን ማየቱን ተወችው። እትዬ አሚናት አንድ ቀን ሆን ብለው እጇን ያዝ አድርገው «ልጄ፣ ውሃ» አሏት፤ ሩቅያ እጇን መንጭቃ ጥቁሩን አሰረችና አለፈች።

«አሥራ ሁለት ሰከንድ!» አለች ሲስተር መንበረ ደስ ብሏት።

እትዬ አሚናት ሲነሡ ቀሚሳቸውን አራገፉና «ወላሂ አስፈራሽኝ» አሉ። «የእውነት የሞትኩ ያህል ነው ያየሽኝ።»

ሩቅያ ይቅርታ ልትላቸው አሰበች፤ ግን የሚያስጸጽት ነገር ውስጧ ስትፈልግ አጣች። የደነዘዘ ጥርስ ይመስል፣ ቦታው አለ፣ ስሜቱ የለም።

ሰውየውን ያየችው በሦስተኛው ሳምንት ነው። ከተከመሩት ባዶ ጆንያዎች ጀርባ፣ ብርሃን በማይደርስበት ጥግ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ጉልበቱን ሰብስቦ ተኝቷል። ሮጣ ሄዳ ተንበረከከች። የሌሎቹ ካርድ በሲስተር መንበረ ሰማያዊ እስክሪብቶ የተጻፈ ነው፣ የዚህኛው ግን በእርሳስ ነው፣ ካርቶኑም እርጥበት ይዞት ለስልሷል። «ወንድ። ትንፋሽ፦ በደቂቃ 26።» ጠዋት አባቷን ስትቆጥር ሃያ ስድስት ነበር። አጋጣሚ ነው አለች፣ ቢጫ አሰረችና ተነሣች። ስትሄድ ከጀርባዋ አንድ ቀጭን ድምፅ ሰማች፤ ቆርቆሮው ይሆናል።

በማግስቱ ጠዋት ሠላሳ አንድ ቆጠረች፣ ፓፏን ነፋችላቸው፣ ወጣች። የጥጉ ሰው ካርድ ላይ «31» የሚል አለ። በአጠገቡ ያለው አየር ማሽላ አይሸትም፣ ትኩስ ዱቄት ይሸታል፤ የለበሰው ካፖርት ስፌቱ ሁሉ በዱቄት ነጥቷል። ፊቱን ለማየት ወደ ትከሻው አጎንብሳ ነበር፣ ሰዓቷን ስታይ ግን ሃያ ሁለት ሰከንድ ሄዷል። ፊት ማየት ካርድ ላይ የለም። ቀዩን አሰረችና አለፈች።

ያን ቀን ማታ ከበሩ ጀርባ ወደተሰቀለው የአባቷ የወፍጮ ቤት ካፖርት ሄደች። ስድስት ዓመት ማንም አልነካውም። ጫፉን ብታነሣው በረኪና የሚሸት እርጥብ የማሽላ ገለባ ተጣብቆበታል። ገለባውን በጥፍሯ አነሣችው፣ አየችው፣ ከመዳፏ ላይ እፍ አለችው። ድሮ ቢሆን ትጮህ ነበር፣ ወይ አባቷን ቀስቅሳ ትጠይቅ ነበር፤ አሁን ግን ነገ ምዘና ስለሆነ እንቅልፍ ያስፈልጋታል። ገብታ ተኛች።

የምዘናው ጠዋት አባቷን ሳትቆጥር ወጣች። ለመቁጠር ተቀምጣ ነበር፤ እሳቸው ናቸው «ዛሬስ ተይኝ፣ ደህና ነኝ፣ አንቺ ፈተናሽን እለፊ» ብለው በእጃቸው የገፏት። መቁጠሪያቸውን ይዘው ነበር። በሩ ላይ ሆና ዞር ስትል ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየች። ለእሷ ዱዓ እያደረጉ ነበር።

ለምዘናው አራት አራት ሪባን በየቀለሙ ተቆጥሮ ተሰጣት። ሲስተር መንበረ ፊሽካ ነፋች፣ መዛኙ ሰዓቱን ያዘ። ሩቅያ ገባች። አንደኛው ቢጫ፣ ሁለተኛው ጥቁር፣ ሦስተኛው አረንጓዴ። እጇ ብቻውን የሚሠራ ይመስል ነበር። ከአሥራ ሁለተኛው ስትነሣ ሦስት ጥቁር አስራለች፣ አንድ ኪሷ ውስጥ ቀርቷል፤ ያን ጊዜ ከጆንያዎቹ ጀርባ ሲርታውን ሰማችው። ቆርቆሮ አልነበረም። ከሺህ ሰው መሃል የምትለየው ድምፅ ነው፣ ተቆራርጦ፣ ተጎትቶ፣ አየር ለመሳብ ሲታገል።

ተንበረከከች። ሰውየው ጀርባው ይንቀጠቀጣል። ካርዱን ወደ ቀዳዳው ብርሃን አዞረችው።

«ትንፋሽ፦ የለም።»

ጆሮዋ ይሰማል፣ መዳፏ ጀርባው ላይ ነው፣ ደረቱ ሲነሣ ይሰማታል። እትዬ አሚናትን ደግፋ የወደቀችበት ቀን፣ «ሙት ቀስቃሿ» የሚለው ሳቅ፣ አባቷ ያሰሩላት ሰዓት፣ ሁሉም መጣባት። ከወደቀች አባቷን ማን ያድናል? የመጨረሻውን ጥቁር ሪባን አውጥታ የሰውየው እጅ ላይ አሰረች። እጁ ቀዝቃዛ ነበር፣ ጣቶቹም ጣቶቿን ሊይዙ ሞከሩ። ተነሥታ ወደ ብርሃኑ ወጣች።

«አንደኛ!» ሲስተር መንበረ አቀፈቻት። «አሥራ ሁለቱንም በትክክል! አንድ ስህተት የለም።»

«አሥራ ሦስት ናቸው» አለች ሩቅያ።

«ምን አሥራ ሦስት?»

«ጥግ ላይ ያለው፣ ከጆንያው ጀርባ።»

ሲስተር መንበረ ሳቀች። «እዚያማ ጣሪያው ስለሚያፈስ አንድም ቀን ሰው አስተኝተን አናውቅ። ደክሞሻል፣ ሂጂ ለአባትሽ አብስሪ!»

ሩቅያ ኪሷን ዳሰሰች፤ ጥቁር ሪባን የለም። ወንዲፍራው ከሩቅ «ሙት ቀስቃሿ አለፈች!» ብሎ አጨበጨበ። ደስታ ይሰማኛል ብላ ጠበቀች፣ አልተሰማትም፤ ፍርሃትም ጠበቀች፣ እሱም አልመጣም። ያለፈችበትን ወረቀት አጥፋ ያዘችና በቀትር ፀሐይ በእግሯ ወደ ቤት ሄደች።

በሩ ገርበብ ብሏል። መጋረጃው ስላልተገለጠ ቤቱ ጨለምለም ያለ ነው፣ አየሩ ትኩስ ዱቄት ይሸታል። ካፖርቱ ከበሩ ጀርባ የለም። አባቷ ለብሰውት፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው፣ ጉልበታቸውን ሰብስበው አልጋው ላይ ናቸው፤ ሲርታው ክፍሉን ሞልቶታል። መቁጠሪያቸው ወለሉ ላይ ወድቋል።

«ሩቂ…» አሉ፣ እያንዳንዱን ቃል እየሳቡ። «መጣሽ… ፓፏን… መስኮቱ ላይ…»

እንደተማረችው ተንበረከከች። መስኮቱ ቅርብ ነው፣ እጇን ብትዘረጋ ሰማያዊዋን መድኃኒት ትደርስበታለች። እጇም ተነሣ። በመሃል ግን ዓይኗ ከአንገታቸው በተንጠለጠለው ሲባጎ ላይ አረፈ፤ ካርቶኑ ለስልሷል፣ ጽሑፉ በእርሳስ ነው። ቀኝ እጃቸው ላይ ጥቁር ሪባን ታስሯል፤ ቋጠሮው ወደ ውስጥ የዞረ ነው።

አባቷ በግድ ዞረው አዩዋት። ከንፈራቸው ጠቁሯል። ዓይናቸው ላይ ያለው ፍርሃት አይደለም፤ ልጃቸው ስለደረሰችላቸው አምነው፣ አርፈው ነው የሚያዩዋት።

«አባዬ» አለች ሩቅያ፣ ሕፃን እንደምታስረዳ በቀስታ፣ የተዘረጋውን እጇን ወደ ራሷ እየመለሰች። «ካርድህ እኮ ትንፋሽ የለም ይላል።»

ሪባኑ እንዳይላላ ቋጠሮውን ጠበቅ አደረገችው፣ እጇን የያዙትን ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ አላቀቀች፣ ተነሣችና አባቷ የሰጧትን ሰዓት አየች፤ ሃያ ስምንት ሰከንድ ነበር የፈጀባት።