ለበረሃ የታጨችው ፒካፕ

«ሰውዬው ከመኪናው ሥር ናቸው፤ የሚታየው እግራቸው ብቻ ነው» ብለው ነበር በስልክ የነገሯት። ኢንስፔክተር ትርሲት ደብረ ብርሃን ዳር ካለው የካሳሁን የመኪና መሸጫ ግቢ ስትደርስ ግን ቀድማ ያየችው አንድ ገዢ ነው። ነጯን ፒካፕ እየዞረ ጎማዋን በጫማው ጫፍ ይመታል። ከኋላዋ የተዘረጉትን ሁለት እግሮች ተራምዶ አለፈና፣

«ይቺ እንግዲህ ዋጋዋ ይወርዳል አይደል?» አለ።

ትርሲት በሩን በእጇ አሳየችው። «ውጣ» አለችው።

ሟቹ መምህር ወልደተንሣኤ ነበሩ። ሠላሳ ሁለት ዓመት በከተማው ጂኦግራፊ አስተምረው ባለፈው ዓመት ጡረታ የወጡ፣ ስላላዩት በረሃና ስላልተሻገሩት ወንዝ ሲያስረዱ ዕድሜያቸው ያለፈ ሰው። «አሁን ደግሞ በዓይኔ ልየው» ብለው፣ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ አሰለፈች ጋር ከአንኮበር ቁልቁል ወደ አፋር ወርደው፣ ዞረው እስከ ኦሞ ሊጓዙ፣ በየመንገዱም መኪናቸው ላይ ሊያድሩ ቆርጠው ነበር። ሦስት ወር ሙሉ ፒካፕ ሲመርጡ ከረሙ። አንዷ ሆዷ መሬት ለመሬት የሚሄድ ነው፣ ሌላዋ ሞተሯ ኮምፒውተር ካልሆነ አያውቃትም፣ እኔ የምፈልገው አረርቲ ላይ ብትቆም የአረርቲ መካኒክ የሚያስነሳትን ነው እያሉ ስንቱን መለሱ። በመጨረሻ ዓይናቸው ያረፈባት ይቺ ነጭ ባለ ሁለት ጋቢና ነበረች።

አሁን ከሥሯ በጀርባቸው ተንጋለዋል። የኋላ ቀኝ ጎማዋ ተፈቷል፤ ጎማው የነበረበት ብረት ደረታቸው ላይ ተቀምጧል።

ግቢው ውስጥ አራት ሰዎች ነበሩ። የግቢው ባለቤት ካሳሁን ቀኝ እጁ እስከ ትከሻው በጀሶ ታስሮ ተንጠልጥሏል። ሬሳውን መጀመሪያ ያገኘው መካኒኩ ፍቃዱ ነው። ደላላው ዋሴ በሩ አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጦ «ጋሼ! ጋሼ!» እያለ ደረቱን ይመታል። ወይዘሮ አሰለፈች የታጠፈ ጃንጥላ ይዘው ቆመዋል፤ እንባቸው ገና አልመጣም።

«ሁላችሁም ውጡ» አለች ትርሲት። በሩ ከተዘጋ በኋላ እሷ፣ ሳጅን ኃይለኢየሱስና ከሆስፒታል የመጣው ሐኪም ብቻ ቀሩ። መኪናዋን ይዘውት በመጡት ማንሻ አንስተው ሬሳውን አወጡ።

ዓርብ ነበር፤ ከስድስት ሰዓት ተኩል እስከ ሰባት የሐምሌ ዝናብ ዶፉን አውርዶታል። ግቢው ጭቃ በጭቃ ነው፤ ከመኪናዋ ሥር ያለው መሬት ግን ደረቅ አቧራ። የመምህሩ ካፖርት ከፊቱ ንጹሕ ነው፤ ገልብጠው ሲያዩት ጀርባው ከአንገቱ እስከ ጫፉ በጭቃና በተቃጠለ ዘይት ተለውሷል። የጫማቸው ተረከዝ ጭቃ ጠርጎ መጥቷል።

«ደረታቸው ተደቁሷል፤ ደም ግን የለም ማለት ይቻላል» አለ ሐኪሙ። «የደማው የጭንቅላታቸው የኋላ ክፍል ነው። መኪናዋ ስታርፍባቸው ሞተው ነበር።»

ትርሲት የሟቹን እጅ አየች። አንድም ግራሶ አልነካውም፤ የቀኝ እጅ ጣቶቻቸው ጫፍ ግን በእርሳስ ጠቁሯል። ከካፖርቱ ኪስ የመጨረሻው ገጽ የተቀደደ ደብተርና በመሐረብ የተጠቀለለ ነገር ወጣ፦ በተበጠሰ ክር ላይ ሦስት ሰማያዊ ጨሌዎች። የመኪናዋ የፊት ጎማ ወደ ቀኝ እስከ መጨረሻው ታጥፏል፤ ከበስተኋላው መኪናዋን የተሸከመው ብረት፣ ሻንሲዋ፣ ብየዳ ይታይበታል። መኪናዋ ቀድሞ የተነሳችበት ክሪክ ደግሞ ከኋላ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ አንገቱ ሙሉ በሙሉ ገብቷል።

ከዚያ የጋቢናዋን በር ከፈተች፤ ከፍታም ወደ ኋላ አለች። ርካሽ ሽቶና የወለል ማጽጃ ክሪዮሊን ተደባልቆ አፍንጫዋን መታው። ከሁለቱ በታች ሌላ፣ ጣፋጭና የበሰበሰ ሽታ ነበር። እስትንፋሷን ይዛ ምንጣፉን ገለጠችው። ስፖንጁ ጠቁሮ እንደ ቆዳ ደርቋል። ሃያ ዓመት በዚህ ሥራ የኖረች ሴት ደም መሆኑን ለማወቅ መጠየቅ አላስፈለጋትም። ምንጣፉን መልሳ በሩን ዘጋችው።

ቅዳሜ ጠዋት አንድ በአንድ ጠራቻቸው።

«ኢንስፔክተር፣ መኪናዋን መቼ ነው የምትለቁልኝ?» አለ ካሳሁን ገና ሳይቀመጥ።

«ከማን ገዟት?»

«ከሰው።»

«ሰው ስም የለውም?»

«እኔ መኪና ነው የማየው፤ ስም አላይም።»

«ውስጧ ምን እንደሚሸት ያውቃሉ?»

«አሮጌ መኪና ምን ይሸታል? ሽቶ አስረጭቼባታለሁ እኮ!» አለ፤ እንደ ውለታ።

ፍቃዱ እጁን በሱሪው እየጠረገ ገባ። «ጋሼ ፍሬኗን ልይ ስላሉ በክሪክ አነሳሁና ጎማውን ፈታሁላቸው። ከዚያ ምሳ ሄድኩ። ዝናቡ እዚያው ምግብ ቤት ያዘኝ፤ ባለቤቷን ጠይቋት። ስመለስ ስምንት ሰዓት ነበር። ክሪኩ ተንሸራቶ ነው።»

«ክሪክ ተንሸራቶ ሲወድቅ ምን ይመስላል?»

«በጎኑ ይተኛል። አንገቱ እንደተመዘዘ።»

«እኔ ያገኘሁት ቆሞ ነው። አንገቱም ገብቷል።»

ፍቃዱ ዓይኑን ከጠረጴዛው አላነሳም። «እንደዚያ የሚሆነው ማራገፊያውን ሰው ሲፈታው ነው» አለ ቀስ ብሎ። «እሱም ሞያተኛ አይደለም። እኔ ብሆን በእግሬ ገፍቼ እጥለው ነበር…» ብሎ ደነገጠ።

«ሻንሲዋንስ ማን በየደው?»

«እኔ። ያመጡልኛል፣ እበይዳለሁ። ቁጥሩንም አስተካክል አሉኝ፣ አስተካከልኩ። እንጀራዬ ነው።»

«ውስጡን ማን አጠበው?»

«እኔው ነኝ» አለ። «ሁለት ቀን ፈጀብኝ።» እንዴት እንዳጠበው ሊዘረዝር ሲጀምር ትርሲት እጇን አንስታ አስቆመችው።

ዋሴ ዓይኑ አብጦ መጣ። ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው።

«ጋሼ ያስተማሩኝ ናቸው። ይቺን መኪና ያገኘሁላቸውም እኔ ነኝ። ለበረሃ የምትሆን፣ የኋላ መጫኛ ስፖንዳዋ የውኃ በርሜል የሚችል፣ ሁለት ትርፍ ጎማ የምትይዝ ብለውኝ…»

«ዓርብ ስንት ሰዓት ተለያያችሁ?»

«አምስት ሰዓት ተኩል። መናኸሪያ ሄድኩ። ዝናቡም እዚያ ነው የያዘኝ። ፍቃዱ ሲደውልልኝ ነው የመጣሁት።»

«ሬሳው አጠገብ ደርሰሃል?»

«ኧረ አልቻልኩም! ከበሩ አላለፍኩም። ያ ንጹሕ ካፖርታቸው ጀርባው እንዲያ በጭቃ ተለውሶ… ሰው እንደ ውሻ ይሞታል?» ብሎ ማልቀስ ጀመረ።

የትርሲት እስክሪብቶ ለአፍታ ቆመ። ከዚያ መጻፏን ቀጠለች፤ ውኃም አስመጣችለት።

ወይዘሮ አሰለፈችን ግን ራሷ ቤታቸው ሄዳ አገኘቻቸው። «ሐሙስ መኪናዋን አይቶ ሲመጣ እራት አልበላም» አሉ። «‹ሽታው ከአፍንጫዬ አልወጣ አለ› አለኝ። መቀመጫው ሥር ጨሌ አግኝቷል። ዓርብ በጠዋት ተነስቶ ታንጉ ዘንድ ሄደ።»

«ታንጉ ማናት?»

«ከወለጋ ተፈናቅላ እዚህ መጠለያ ያለች ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ ፊደል ያስቆጥራቸው ነበር። ልጇ በመኪና አደጋ እንደሞተችባት ያኔ ነግራዋለች።»

ታንጉ ከድንኳኗ ወጥታ ቆማ ነው ያነጋገረቻት። «ጥቅምት ላይ ነው። ማሾ ለቀማ ቆላ የሚወስድ መኪና ተገኘ ተብሎ አሥራ አንድ ሆነን ተጫንን። ልጄን ትኩሳት ይዟት ስለነበር ነጂው ጋቢና አስገባኝ። አንኮበርን አልፈን ቁልቁለቱ ላይ ተገለበጥን። እሱ ምንም አልሆነም። እርዳታ ጠርቼ እመጣለሁ ብሎ አቀበቱን ወጣ። በዚያው ቀረ።»

«ስንት ሰው ሞተ?»

«አምስት። ልጄ አምስተኛዋ ናት።»

«መምህሩ ምን ጠየቁሽ?»

«የልጅሽ ጨሌ ቀለሙ ምን ነበር አሉኝ። ሰማያዊ ነበር አልኳቸው። ሌላ ቃል ሳይናገሩ ተነስተው ሄዱ፤ ምርኩዛቸውን እንኳ ረስተውት ነው የሄዱት።»

ትርሲት የአደጋውን መዝገብ ፈልጋ አገኘችው። ከአደጋው በማግስቱ የትራፊክ ፖሊስ ሲደርስ የመኪናዋ ታርጋ ተነቅሎ ነበር፤ የሻንሲ ቁጥሯን ግን ጽፎታል። በሳምንቱ መኪናዋም ከገደሉ ሥር ጠፋች። መዝገቡ «አሽከርካሪው አልታወቀም» ተብሎ ተዘግቷል። አምስት ሰው፣ አንድ መስመር። ትርሲት ወረቀቱን ይዛ ተቀምጣ የለበሰችውን የደንብ ልብስ ጭምር ተጸየፈችው።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ አራቱም በግቢው ተሰበሰቡ። ታንጉ ከሳጅን ኃይለኢየሱስ ጋር የፖሊስ መኪና ውስጥ ከበሩ ውጭ ትጠብቃለች። ካሳሁን ሰዓቱን ያያል።

«አታስቸኩሉኝ» አለች ትርሲት። ፒካፗ አጠገብ ቆማለች፤ አልተደገፈቻትም። «መምህሩ ከመኪናው ሥር አልገቡም። የገባ ሰው እጁን ግራሶ ይነካዋል፤ የእሳቸውን ጣት የነካው እርሳስ ነው። የፊት ጎማው ለምን እስከ መጨረሻው ታጠፈ? የሻንሲው ቁጥር የሚታየው በዚያ በኩል ስለሆነ ነው። ቁጥሩ ላይ ወረቀት አስደግፈው በእርሳስ አሹት። ትናንት እኔም አሸሁት። አዲሱ ቁጥር በደንብ ወጣ፤ ከሥሩ ደግሞ ተፍቆ ያላለቀው አሮጌው ቁጥር ወጣ። ጥቅምት ላይ ከአንኮበር በታች ተገልብጣ አምስት ሰው የገደለችው መኪና ቁጥር ነው።»

ወይዘሮ አሰለፈች ከመኪናዋ አንድ እርምጃ ራቁ።

«መምህሩ ሐሙስ በመኪናዋ ሽታና በጨሌው ተጠራጠሩ። ዓርብ ታንጉ አረጋገጠችላቸው። ቁጥሩን አሽተው ሲያበቁ አንድ ሰው አጠገባቸው ነበር። ያ ሰው ገፈተራቸው። የጭንቅላታቸው የኋላ ቁስል የመኪናዋ መጎተቻ መንጠቆ፣ የጋንጮው፣ ልክ ነው፤ ጋንጮው ላይም ደም ተገኝቷል። ከዚያ ገጹን ቀደደና ጎትቶ ከሥር አስገባቸው። ስንት ሰዓት? ከዝናቡ በኋላ። ከሥር ያለው መሬት ደረቅ ሆኖ የእሳቸው ጀርባ ጭቃ ነበር።»

«እኔን ነው የምትይው?» አለ ካሳሁን።

«እርስዎ በአንድ እጅ ሬሳ አይጎትቱም። ፍቃዱም ዝናቡ ካባራ በኋላ እስከ ስምንት ሰዓት ገደማ ምግብ ቤት ነበር፤ አራት ሰው አይቶታል። ደግሞስ መካኒክ የክሪክን ማራገፊያ ፈትቶ፣ ክሪኩን አቁሞ፣ አደጋ ነው ብሎ አይተውም። ይህን ያደረገው መኪና መንዳትና መሸጥ እንጂ መጠገን የማያውቅ ሰው ነው።»

ዋሴ ወደ በሩ ተመለከተ።

«ዋሴ፣ ትናንት ከበሩ አላለፍኩም አልከኝ። መምህሩ የተኙት በጀርባቸው ነበር። ያነሳናቸው እናንተን ካስወጣን፣ በሩን ከዘጋን በኋላ ነው። ካፖርታቸው ከፊቱ ንጹሕ ነበር። የጀርባውን ጭቃ ያየነው እኔ፣ ሳጅኑና ሐኪሙ ነን። አንተ የት አየኸው?»

«ሰው… ሰው ነገረኝ።»

«ማን?»

ዋሴ ወደ ፍቃዱ ዞረ፤ ፍቃዱ ፊቱን አዞረበት። ትርሲት ወደ በሩ ዞራ ለሳጅኑ ምልክት ሰጠች። ታንጉ ነጠላዋን አጣፍታ በበሩ ገባች፤ መኪናዋን ስታይ ቆመች። ከዚያ ዓይኗ ዋሴ ላይ አረፈ።

«ይኸው ነው» አለች። «ሁለት ሰዓት ሙሉ አጠገቡ ተቀምጫለሁ። ይኸው ነው።»

ዋሴ ተንበረከከ። «ልገድላቸው አልነበረም! ቁጥሩን ሲያሳዩኝ ነጂው እኔ ነበርኩ አልኳቸው። ‹ፖሊስ ጣቢያ አብረን እንሂድ፣ ከጎንህ እቆማለሁ› አሉኝ። እጄን ያዙኝ። ለቀቅ ያርጉኝ ብዬ ነው…»

«ለመሆኑ ለአስተማሪህ ይቺን መኪና የመረጥክላቸው ለምንድን ነው?» አለች ትርሲት።

«እሳቸው በረሃ ለበረሃ ነው የሚሄዱት» አለ። «ከዚህ አገር ትርቅልኛለች ብዬ።»

ትርሲት ከእሱ ዞር አለች። ግቢውን በዓይኗ ዞረችው፦ አንዱ ገዝቶ ሽቶ ያስረጨባት፣ አንዱ አጥቦ ቁጥሯን የፋቀላት፣ አንዱ ለአስተማሪው ያጫት። ሦስቱም ምሳቸውን ሲበሉ የኖሩ ሰዎች ናቸው። «ሦስቱንም ጫናቸው» አለች ለኃይለኢየሱስ።

«እኔ ምን አጠፋሁ?» ካሳሁን ጮኸ። «መኪናዋስ ግቢው ውስጥ ብቻዋን ልትቀር ነው?»

ዋሴ በካቴና ሲያልፍ ወይዘሮ አሰለፈች ፊት ቆመ። «እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

«እኔን ተወኝ» አሉት። «እሷን ለምናት።»

ወደ ታንጉ ዞረ፤ ቀና ብሎ ግን ሊያያት አልቻለም። ታንጉ አልጮኸችም፤ አልረገመችውምም።

«ልጄ በማግስቱ እስከ ረፋድ ድረስ ነፍስ ነበራት» አለችው። «‹ሰውዬው መጣ?› ትለኛለች። እየመጣ ነው እላታለሁ። ደግማ ትጠይቀኛለች፤ ደርሷል፣ ድምፁ ይሰማኛል እላታለሁ። አንተን አምኜ አይደለም እንዲያ ያልኳት፤ ሌላ የምላት አጥቼ ነው።»

ወይዘሮ አሰለፈች እንባቸው የመጣው ያኔ ነው። ማካፋት ስለጀመረ ጃንጥላቸውን ዘርግተው ታንጉን ከሥሩ አስገቧትና፣ በጭቃው ውስጥ ቀስ እያሉ አብረዋት ወጡ።