መጨረሻ የመሆን ፉክክር

ጉዞው በተጀመረ በአምስተኛው ደቂቃ የቀያሹ ብስክሌት ካቴና ወለቀ። ከመንገዱ ዳር ወርዶ፣ ብስክሌቱን ገልብጦ፣ ጣቶቹ በቅባት እስኪጠቁሩ ሲታገል አራት መቶ የሚሆኑ ብስክሌተኞች እየተሳሳቁ አለፉት። ካቴናውን መልሶ ቀና ሲል ከፊቱ ያለው መንገድ ባዶ ነበር።

«ጨረስክ?» አለው ከኋላው አንድ ድምፅ።

ዞረ። ብርቱካናማ ሰደርያ የለበሰች፣ ፊሽካ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ልጅ አንድ እግሯን መሬት አስረግጣ ቆማለች። ሄልሜቷና ጥቁር መነጽሯ ፊቷን ከልለውታል። የሚታየው አገጯና ፈገግታዋ ብቻ ነው።

«ሂጂ፣ እኔ እደርሳለሁ» አላት።

«አልችልም። ጭራዋ እኔ ነኝ።»

«ምን?»

«ጭራ! የምነዳው ከመጨረሻው ሰው ኋላ ነው። ማንንም መቅደም አይፈቀድልኝም፣ ማንንም ጥዬ መሄድም አይፈቀድልኝም። አሁን መጨረሻው ሰው አንተ ነህ። ካልተነሳህ እዚሁ ተገትሬ መዋሌ ነው።»

«እስከ መቼ ነው ታዲያ የምትከተይኝ?»

«ሌላ ሰው እስክትቀድም።»

ቀያሹ እጁን በሱሪው ጠርጎ ብስክሌቱ ላይ ወጣ። ሥራው መሬት መለካት ነው፤ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ መሣሪያውን አዝሎ ተራራ ለተራራ ሲወጣና ሲወርድ ስለሚውል እግሩ ብረት ነው። ቢፈልግ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ሃምሳ ሰው መቅደም ይችል ነበር።

አልፈለገም።

ከፊታቸው መቶ ሃያ ኪሎሜትርና ስድስት ዳገቶች ነበሩ። የመጀመሪያው ዳገት ላይ ድምፁ ከኋላው መጣ፤ «አይዞህ፣ ትንሽ ነው የቀረው!»

ቀያሹ ዳገቱን በዓይኑ ለካው። «ሁለት ኪሎሜትር ከሦስት መቶ ይቀራል። ቀያሽ ነኝ፤ በዚህ እኔን ማታለል አይቻልም።»

«እኔ ደግሞ የጥርስ ሐኪም ነኝ። ‹ትንሽ ነው የቀረው› ሳልል አንድም ጥርስ ነቅዬ አላውቅም።»

ቀያሹ ሳቀ፤ ከመሳቁም ብዛት የፊት ጎማው ተወላገደ። ከዚያ በኋላ ሁለት ዳገቶች እንዴት እንዳለፉ አላወቀም። ፊቷን አያይም፤ ወደኋላ ዞሮ መንዳት አይቻልም። ግን ስትተነፍስ፣ ማርሽ ስትቀይር፣ ለራሷ ስታንጎራጉር ሁሉንም ይሰማል። ዝም ስትል ዝምታዋ እንኳ ከኋላው የሚከተለው ይመስለው ነበር።

ሃምሳ ሜትር ያህል ፊት ለፊቱ አንድ ሽማግሌ ይነዳሉ። ብስክሌታቸው ከባድ ነው። መሪው ላይ ከብስክሌቱ ጋር ጨርሶ የማይመጣጠን ግዙፍ ስፖኪዮ ተገጥሞበታል።

«ያንን ስፖኪዮ አየሽው? ሰውየው ፀጉራቸውን ሊበጠሩበት ነው?» አለ ቀያሹ።

«አባቴ ነው።»

የቀያሹ እግር ፔዳሉን ሳተ።

«ሠላሳ አንድ ዓመት አውቶቡስ ነድቷል» አለች፤ ሳቋን አፍና እንደያዘች ድምፅዋ ይናገራል። «ጡረታ ሲወጣ ስፖኪዮውን ለምኖ ወሰደ።»

«እና እስካሁን እያዩን ነው?»

«ከመጀመሪያው ዳገት ጀምሮ።»

ቀያሹ ሳያስበው ወገቡን ቀጥ አድርጎ ተቀመጠ።

ያልነገረችው ነገር ግን ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ቁልቁለት ላይ ወድቃ ቀኝ ጉልበቷ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለታል። ባለፈው ዓመት ይህንኑ ጉዞ ሞክራ የመጨረሻው ዳገት ላይ ጉልበቷ ከዳት፤ የደከመውን ሁሉ የምትለቅመው ሚኒባስ አንስታ ወሰደቻት። ከዚያ ወዲህ በቤታቸው «ብስክሌት» የሚለው ቃል ከተነሳ ማዕዱ ሁሉ ጸጥ ይላል። ዘንድሮ ከአባቷ ጋር ቃል ተገባብተዋል፤ በመጨረሻው ዳገት አናት ያለው የመድረሻ በር ሳይዘጋ ከገባች አባቷ ስለ ብስክሌት ሁለተኛ አያነሱባትም፤ ካልገባች ብስክሌቱን አባቷ ይሸጡታል።

በሩ የሚዘጋው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ከዚያ በኋላ የሚደርስ ሁሉ፣ ጭራዋም ብትሆን፣ «አልጨረሰም» ተብሎ ይመዘገባል። ጭራ መሆንን የመረጠችው ዝግ ያለ አነዳድ ለጉልበቷ ይሻላል ብላ ነበር። አባቷ ይህን በሰሙ ማግስት ሄደው ራሳቸውን አስመዘገቡ። ቁጥር ሁለት መቶ አሥራ ሁለት።

ስልሳኛው ኪሎሜትር ላይ በአንድ ትምህርት ቤት ግቢ ዕረፍት ሆነ። ሄልሜቷን አወለቀች፤ መነጽሯን አወለቀች። ቀያሹ ሲሰማው የዋለውን ድምፅ የሚያህል ፊት ጠብቆ ነበር። ፊቷ በለጠ።

«እጅህን ስጠኝ» አለችው።

«እ?»

«ቅባቱን። እንዲህ ሆነህ ሙዝ ልትበላ ነው?»

እጁን ዘረጋ። በኮዳዋ ውሃ እያፈሰሰችለት ታጠበ። ውሃው ጣቶቹ መሃል ሲወርድ ቀና ብሎ አያት፤ እሷም አየችው፤ ኮዳው ባዶ ከሆነ በኋላም እንደተዘቀዘቀ ትንሽ ቆየ።

«ውሃው ለመጠጥ ነው!» አሉ አባቷ ከወንበራቸው።

ሙዝ ይዘው መጡና ቀያሹ አጠገብ ተቀመጡ። «ካቴናህ ስንት ጊዜ ወለቀ?»

«አንዴ ነው ጋሼ።»

«እግርህ ደህና ነው?»

«ደህና ነው።»

«ሳንባህስ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ታዲያ ምን ሆነህ ነው ከእኔ ከሽማግሌው ኋላ የምትነዳው?»

ቀያሹ ሙዙን በሙሉ ጎረሰው።

ከዕረፍቱ በኋላ ሌሎቹ ሁሉ ርቀው ሄዱ፤ ኋላ የቀሩት ሁለቱ ወንዶች ብቻ ሆኑ። ፉክክሩም ያኔ ተጀመረ። አባቷ የታሰረ የጫማ ክር ፈትተው እንደገና ያስራሉ። ቀያሹ የሞላ ጎማ ይነፋል። አባቷ ውሃ ለመጠጣት ይቆማሉ። ቀያሹ አበባ የሌለበት ቁጥቋጦ እያየ «ደስ ሲል!» ይላል። እሱ መጨረሻ መሆን የፈለገው ድምፅዋ እንዳይርቀው ነው። አባቷ ደግሞ ሁለት ምክንያት ነበራቸው፤ አንደኛው ይህ ወጣት፣ ሁለተኛው በስፖኪዮ የሚያዩት ጉልበት። ዝግ ሲባል አይታመምም ብለው ያስባሉ።

እሷ ግን ሁለቱም የምር የደከሙ መስሏት ነበር። የደከመን ሰው ማጣደፍ አይገባም። በየጊዜው ሰዓቷን እያየች፣ ታካሚ ወንበር ላይ እንዳስቀመጠች ሁሉ «አይዟችሁ፣ ቀስ በሉ» ትላቸዋለች።

አምስተኛው ዳገት ላይ ሁለቱ ጎን ለጎን ሆነው፣ ሊወድቁ እስኪደርሱ ድረስ እያዘገሙ፣ አንዱ ሌላውን በጨዋነት ያስቀድማል።

«ይለፉ እንጂ ጋሼ።»

«ኧረ አንተ እለፍ፣ ወጣት አይደለህም?»

«ታላቅ እያለ እንዴት ይሆናል?»

በዚህ መሃል ከአንድ የእርሻ ቤት አጥር ስር ውሻ እየጮኸ ወጣ። ከዚያ የሆነውን ለመናገር አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል፤ የደከሙት ሁለት ሰዎች ያንን ዳገት እንደ ጥይት ወጡት።

ከጫፉ ላይ ደርሰው እያለከለኩ ሲቆሙ ከኋላቸው ማንም አልነበረም። ተያዩ። ሊርቋት ያልፈለጉትን ልጅ ለውሻ ትተዋት ነበር።

ከብዙ ቆይታ በኋላ ደረሰች። ወረደች፤ መነጽሯን አወለቀች።

«ቡችላ እኮ ነው» አለች። «ጫማዬን ልሶ ተመለሰ።»

ሁለቱም መሬት መሬት አዩ።

«ከሁለታችሁ ማናችሁ ነው የደከመው?»

ቀያሹ ወደ አባቷ፣ አባቷም ወደ ቀያሹ ጠቆሙ።

«አባዬ፣ ስንት ሰዓት ነው?»

በሥራ ዘመናቸው አንድ ደቂቃ አርፍደው የማያውቁት ሰው ሰዓታቸውን አዩና ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ዘጠኝ ከአሥር።»

«አንተስ፣ ቀያሽ አይደለህ? ስንት ይቀረናል?»

«ሠላሳ አንድ ኪሎሜትር።»

ያኔ ስለ በሩ፣ ስለ ጉልበቷ፣ ከአባቷ ጋር ስለተገባቡት ቃል ለቀያሹ ነገረችው። አልጮኸችም። ዓይኖቿ ግን ሞልተው ነበር። «እናንተን መቅደም አልችልም። እናንተ ካልገባችሁ እኔም አልገባም። አባዬስ እሺ፣ ለጉልበቴ ብሎ ነው። አንተ ግን ለምንድን ነው?»

ቀያሹ አባቷን አየ፤ ማምለጫ አልነበረም።

«ድምፅሽ እንዳይርቀኝ ብዬ ነው» አለ።

አባቷ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ስፖኪዮውን ወደ ሰማይ አዞሩት።

«ድምፄ የሚርቅህ በሩ ከተዘጋ ነው» አለች ቀስ ብላ። «ንዱ!»

ነዱ። ቁልቁለቱን በረሩት፤ ሜዳውን አንድም ቃል ሳይናገሩ ጨረሱት። የመጨረሻው ዳገት ግርጌ ላይ ሲደርሱ አሥር ሰዓት ተኩል ሊሆን ጥቂት ቀርቶት ነበር። አባቷ የነበራቸውን ጉልበት ሁሉ ከውሻው ሲሸሹ ስለጨረሱ ብስክሌታቸው ሊቆም ደረሰ። ቀያሹ ጎናቸው ተጠግቶ ግራ እጁን ጀርባቸው ላይ አደረገና መግፋት ጀመረ።

«ጥለኸኝ ሂድ ልጄ።»

«ጥዬዎት ብሄድ መጨረሻው እርስዎ ይሆናሉ፤ እሷም ከእርስዎ ጋር ትቀራለች። ይርገጡ ጋሼ።»

ከኋላ ድምፅዋ ጠፍቶ ነበር። ማበረታቻም፣ ማንጎራጎርም የለም። የሚሰማው ቆረጥ ቆረጥ የሚል ትንፋሽ ብቻ ነው። አባቷ አልቻሉም፤ ስፖኪዮውን መለሱና አዩ።

«ከንፈሯን ነክሳለች» አሉ። «ጉልበቷ ነው። ይብቃ፣ ልቁም።»

የቀያሹም ልብ ያለው እንደሳቸው ነበር። እጁን ማንሳት ብቻ ነው የሚበቃው፤ ሽማግሌው ይቆማሉ፣ እሷም ትቆማለች፣ ሕመሙም ያበቃል። እጁን አላነሳም።

«ቁሙ ስትል እንቆማለን ጋሼ።»

«አባት ስላልሆንክ ነው።»

«ልክ ነው፣ አልሆንኩም። ግን እስካሁን ያስረፈድናት እኮ እየሳሳንላት ነው።»

ሽማግሌው ጥርሳቸውን ነክሰው ፔዳሉን ረገጡት።

«ትንሽ ነው የቀረው!» የሚል የሻከረ ድምፅ ከኋላ መጣ። ለማን እንዳለችው ግልጽ ነበር፤ ለራሷ ነው።

ቀያሹ ቀና ብሎ ዳገቱን ለካ። «ስምንት መቶ ሜትር!» ብሎ ጮኸ።

ትንፋሽ። ፔዳል። ትንፋሽ።

«አራት መቶ!»

«እየዋሸኸኝ ነው?»

«እኔ ሐኪም አይደለሁም! ሁለት መቶ ሰማንያ!»

ሳቅ መሰል ነገር ሰማ፤ ወይም ለቅሶ። አልዞረም።

አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን አራት ደቂቃ ሲቀረው ሁለቱ ወንዶች በሩን አለፉ፤ ከኋላቸው እሷ። መዝገብ የያዘው ሰውዬ ብዕሩን አነሳና «ጭራዋ ገብታለች! ዝጉት!» አለ። ከብስክሌቷ ሳትወርድ መሪው ላይ ተደፋች። አባቷ ብስክሌታቸውን መሬት ላይ ጥለው መጡና ጉልበቷን በሁለት እጃቸው ያዙት። እሷም ግንባሯን ትከሻቸው ላይ ጣል አደረገች።

ጉልበቷ በረዶ ተደርጎበት ጋብ እስኪል ግማሽ ሰዓት ሄደ። ሚኒባሷ ወደ ከተማ ልትነሳ ስትል አባቷ ብስክሌታቸውን ጫኑ።

«እኔ በዚህ ነው የምሄደው። እግር የለኝም» አሉ። «ነይ ግቢ።»

«መንገዱ እኮ ሜዳ ነው አባዬ፣ አምስት ኪሎሜትር ብቻ…»

አፋቸውን ከፈቱ። ቃላቸው ትዝ አላቸው መሰለኝ መልሰው ዘጉት። ከዚያ በመስኮት ብቅ አሉና «አንተ!» አሉ።

«አቤት ጋሼ።»

«መንዳት እንደምትችል ዛሬ በዓይኔ አይቻለሁ። ካቴና ወለቀ፣ ጎማ ተነፈሰ የሚባል ወሬ አልሰማም። አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ቤታችን በራፍ ላይ እጠብቃችኋለሁ።»

ሚኒባሷ ሄደች። እሷ ብርቱካናማውን ሰደርያ አውልቃ አጠፈችና ብስክሌቷ ላይ ወጣች። ከዚያ ቀኑን ሙሉ ያላደረገችውን አደረገች፤ ቀደመችው። ቀያሹ የሚወዛወዘውን ሹሩባዋን እያየ እንደቆመ ቀረ።

«ምን ሆንክ ደግሞ?» አለች ወደኋላ ዞራ።

«መጣሁ።»

ደረሰባትና ጎን ለጎን ሆኑ። መንገዱ ሰፊ ነበር፣ መኪናም አልበዛበትም። ስለምን እንዳወሩ ሁለቱም ዛሬ በደንብ አያስታውሱትም።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ግን ገና ግማሽ መንገድ ላይ ነበሩ። በዚህኛው እንኳ ቀያሹ ጥፋት የለበትም፤ ዝግ ያለችው እሷ ናት።