የአድማሴ ከውር

«አንች፣ ንፊው እንጂ! እጅሽን ምን ያዘው?» አለ በላቸው፣ መሬቱን በዱላው እየደቃ።

ይርገዱ የወናፉን ቆዳ እንደጨበጠች ደርቃ ቀረች። ከፊቷ፣ አባቷ ብረት በሚያግልበት ምድጃ፣ በከውሩ እሳት ላይ፣ የክፍል ጓደኛዋ ንግሥቲ ተደፍታለች። ማጅራቷን ጨምድዶ የያዛት ታላቅ ወንድሟ ስማቸው ነው። ዱላ የያዘው በላቸውም ባዳ እንዳይመስላችሁ፣ የንግሥቲ የገዛ አባት ነው። ጎረቤቱ ደጁን ሞልቶታል። ለእንዲህ ያለው ነገር ሰው መቼ ይጠፋል!

ነገሩ እንዲህ ነው። ነገ የስምንተኛ ክፍል ፈተና ነው። ሒሳቡ አልገባ ያላት ንግሥቲ ትናንት ለይርገዱ፣ «እኔ እንደሁ እታመማለሁ፤ ግልግል!» ብላ ነግራታለች፤ አብረውም ስቀዋል። ዛሬ ጧት ንግሥቲ ከቤታቸው ደጅ ወድቃ ተንፈራገጠች። «ማነው የበላሽ? ተናገሪ!» እያሉ ሲያጣድፏት አፏ ላይ የመጣላትን ስም ጠራች። የቀጥቃጭ ልጅ ጓደኛ ያላት ሰው ሌላ ስም ፍለጋ ምን አደከማት? በወረታ ሰው አፍ ቀጥቃጭ ሁሉ ቡዳ ነው። መድኃኒቱም በቡዳው ቤት ጢስ መታጠን ነው አሉ።

«ጌታው፣ ልጄ ልጅዎን አልነካቻትም» አለ የይርገዱ አባት አድማሴ፣ ነጠላውን አደግድጎ።

«አንተ ዝም በል! ቡዳው በልጄ አፍ ‹ይርገዱ ነኝ፣ ለቅቄያታለሁ› ብሎ እስኪለፈልፍ ከዚህ ንቅንቅ የለም። ከለፈለፈ ደግሞ ልጅህ ነገ ከልጆቻችን ጋር ለፈተና አትቀመጥም። ትምህርቷ እዚህ ላይ አበቃ!»

ከውሩን የሠራው የአድማሴ አያት ነው። ያረጀ ነውና ጠባዩን ማወቅ ይጠይቃል። መጀመሪያ በእንጨት ካላሟሟቁት ጭቃው ይሰነጠቃል፤ ከዚያ በኋላ ከሰል ነው። ደረቅ ከሰል አይጨስም፤ ዓይን የሚያወጣው እርጥብ እንጨት ነው። ጊዜው የሃምሳ ሰባት ዓመተ ምሕረት ሰኔ ነበርና እንጨቱ ሁሉ ርሷል። ይርገዱ እንጨቱን በእግሯ ገፋ አደረገችና ከሰል ጨምራ ነፋች። ፍሙ ቀላ፤ ጢሱም ጠፋ። ለንግሥቲ አዝና ነው።

«አያችሁልኝ! ጢሱን ዋጠችው!» ብሎ ጮኸ በላቸው።

ስማቸው የእህቱን አንገት ወደ ፍሙ ዝቅ አደረገው። ፀጉሯ ተንጨረጨረ፤ ሽታው ቤቱን ሞላው። በላቸው ራሱ እርጥቡን ጉማጅ እያነሳ እሳቱ ላይ ወረወረበት። ጢሱ ተግተልትሎ ተነሳ።

«አባዬ፣ ዋሽቼ ነው!» አለች ንግሥቲ እየሳለች። «ፈተናውን ፈርቼ ነው! ይርገዱ ምንም አላደረገችኝ!»

በላቸው ሣቀ። «ስሙት ቡዳውን! ሊያመልጥ እኮ ነው። ንፊ!»

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይላሉ። ማደሪያ ጊዜ ያለው ይበል! የንግሥቲ ትንፋሽ አጥሯል። ይርገዱ አፏን ወደ ጆሮዋ አስጠጋችና፣ «የሚሉሽን በያቸው» አለቻት። ንግሥቲ ራሷን ግራና ቀኝ ወዘወዘች።

«አልልም።»

ቆይቶ ቆይቶ አሁን እልህ ያዛት! ይርገዱ በንዴት ልትፈነዳ ደረሰች። እሷ ሒሳቡን ከዳር እስከ ዳር አጥንታለች፤ ዓመቱን ሙሉ ነገን ስትጠብቅ ነበር። ይህች ውሸታም ደግሞ ዛሬ እውነተኛ ሆና ልትሞት ነው። አባቷን አየችው፤ አባቷ መሬት መሬቱን ያያል። ስማቸው እህቱን እንደገና ደፈቃት። በዚህኛው ንግሥቲ ማሳልም አቃታት።

ይርገዱ ወናፉን ለቀቀችና ተነሳች።

«እኔ ነኝ የበላኋት» አለች፣ ደጅ ያለውም እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «ለቅቄያታለሁ። ውሰዷት።»

ስማቸው እህቱን ለቀቃት። ደጁ በእልልታ ቀለጠ።