የቱሊፑ ዛፍ ስም

መምህር ዘይኑልአቢዲን በኮምቦልቻው ግቢያቸው፣ አበባው እንደ ፍም በቀላው የቱሊፕ ዛፍ ሥር ሞተው ተገኙ። አጠገባቸው የተባይ መድኃኒት ብልቃጥ ወድቋል፤ በኪሳቸውም በታይፕ የተጻፈ ደብዳቤ ነበር። ጊዜው ጥር ፲፱፻፸ ዓ.ም. ነው። ሼህ ሸረፈዲን ራሱን በገደለ ሰው ጀናዛ ላይ እንደማያሰግዱ አስታወቁ። የሟቹ ባለቤት ረሂማም ከደሴ የመጡትን መርማሪ፣ ሻምበል ጀማሉዲንን፣ አንድ ነገር ብቻ ለመነቻቸው።

«እስከ ዛሬ ከሰዓት የዐስር ሶላት እውነቱን ያውጡልኝ። ሼሁ ሳይሰግዱበት አፈር አይልበስ።»

ሻምበሉ ደብዳቤውን አነበቡ። «ተማሪዬ ጀላል ከታሰረ ወዲህ መኖር መረረኝ። ከአናቴ በላይ በተሰቀለው ሰሌዳ እንደ ተጻፈው ስም፣ እንደ ሰይፍ ቆርጬ፣ እንደ ደወል ጮኼ አልፋለሁ።»

ቀና አሉ። ሰሌዳው «ስፓቶዲያ ካምፓኑላታ፤ ማንኪያ መሳይ፣ ደወል መሳይ» ይላል።

«ጋሽ እንድሪስ፣ ይህ ምንድን ነው?» ሲሉ አትክልተኛውን ጠየቁ።

«የዛፉ የፈረንጅ ስም ከነትርጓሜው ነው፣ ጓድ ሻምበል። እንቡጡ ቆልመም ስላለ ፊት መምህሩ ‹ሰይፍ መሳይ› ብለውት ነበር። ሐሙስ ዕለት የቀበሌ ሰዎች መጥተው ‹የማን ሰይፍ ነው? ለማንስ የተሳለ ነው?› ቢሏቸው ፍቀው ማንኪያ አደረጉት። ‹ማንኪያ ማንንም አያሳስርም› ብለው ሳቁ። ቀለሙን እትዬ ረሂማ በጠበጡ፤ ምስማሩን እኔ መታሁ።»

ቀጥሎ የሟቹ ታናሽ ወንድም ባሽር ቀረበ።

«ሁለት ሳምንት ደሴ ለካድሬ ሥልጠና ሰንብቼ ትናንት ከመግሪብ በኋላ ደረስኩ። እዚሁ በጨለማው ሻይ ጠጣን። ፊቱ ጠቁሮ ነበር።»

«ዛፉን አላየኸውም?»

«አብረን የተከልነውን ዛፍ ምን አየዋለሁ፣ ሻምበል?»

ዐስር ሲቃረብ ሻምበሉ ሁሉንም ከዛፉ ሥር ሰበሰቡ።

«ደብዳቤው ሰሌዳውን ጠቅሶ ‹ሰይፍ› ይላል፤ ሰሌዳው ግን ከሐሙስ ወዲህ ማንኪያ ነው። መምህሩ በገዛ እጃቸው የፋቁትን ቃል ተጽፏል አይሉም። ጋሽ እንድሪስና ረሂማም ለውጡን ያውቃሉ። እንግዲህ ጸሐፊው ከሐሙስ በፊት የሄደ፣ ሲመለስም በጨለማ የገባ ሰው ነው። ባሽር፣ ደብዳቤውን ከደሴ አዘጋጅተህ ነው የመጣኸው።»

ባሽር ቀና ብሎ ሰሌዳውን አነበበ።

«ጀላልን የጠቆምኩት እኔ ነኝ» አለ። «ወንድሜ ደርሶበት ኖሮ ‹ለልጁ እናት እነግራታለሁ› ብሎ ላከብኝ። ትናንትም ዝም በልልኝ ብዬ ለመንኩት። እንቢ ሲለኝ መድኃኒቱን ሻዩ ውስጥ ጨመርኩበት።»

«እያጎረሰ ያሳደገህ እሱ ነበር» አለች ረሂማ፤ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

ባሽርን ወሰዱት፤ ጀናዛውም ወጣ። ሼህ ሸረፈዲን ከፊት ቆመው «ሰፍ አስተካክሉ» አሉ። በመጀመሪያው ረድፍ የወንድም ቦታ ክፍት ነበር። «ክፍተቱን ሙሉት» ቢሉም የሚንቀሳቀስ ጠፋ። በመጨረሻ ጋሽ እንድሪስ ጭቃ የያዘውን ጫማቸውን አውልቀው ገቡና ቆሙ።