አንድ ጆንያ አመድ

ጆንያው ላይ የተለጠፈውን ስም ደጋግሜ አነበብኩት። «ተጠርጣሪ፦ ይኸነው ገብረ ማርያም» ይላል። ሞክሼ ይሆናል ብዬ ራሴን ላታልል ሞከርኩ። ከሥሩ ግን «የአዲስ ቅዳም ከሰል ነጋዴ» የሚል ተጽፏል። ምን ሞክሼ አለ፣ የእኔው ጉድ ነው!

ሥራዬ እንጅባራ ውስጥ ከወንጀል ቦታ ተደባልቆ የመጣን ነገር መለየት ነው፤ አፈሩን ለብቻ፣ አመዱን ለብቻ፣ ጨርቁን ለብቻ። ከዚያ ላቦራቶሪው ይመረምረዋል። ይኸነውን ያወቅሁት ከዳንግላ ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ ነው። በከሰል እጁ ነጠላዬን አጠቆረውና እሱ ሲያፍር እኔ ባሰብኝ። ከዚያ ወዲህ ስምንት ቅዳሜ ዘንገና ሐይቅ ዳር አብረን ተቀምጠናል። እሱም ዝም፣ እኔም ዝም። እወድሻለሁ ያለኝ የለም።

«የጎረቤቱን ጎተራ አቃጥሏል» አለኝ ጆንያውን ያመጣው ፖሊስ ምንይችል። «በድንበር ተጣልተው ነበር። ጎተራው የቀርከሃና የገለባ ነው፤ እዚያ የእንጨት ከሰል ከተገኘ ፍም ወስዶ የለኮሰው እሱ ነው። አለቀ!»

በወንፊት ነፋሁት። ከሰል ተገኘ።

አልዋሽም፣ ክፉ ሐሳብ መጣብኝ። አምስት ፍሬ ከሰል ኪሴ ብከት ማን ያየኛል? አላደረግሁትም።

በወረንጦ እያነሳሁ አንድ በአንድ አየሁ። እሳቱ የጠፋው ውኃ እየተደፋበት ነው፤ ቀርከሃውም ገለባውም ጭቃ ለብሷል። ከሰሉ ግን ጭቃ አልነካውም። ጆንያውን ገልብጬ ባራግፈው ከስፌቱ ውስጥ ሌላ ከሰል ረገፈ።

«ምንይችል! ይህን ጆንያ ከየት አመጣኸው?»

«ከቤት ነዋ! እኛ አገር ከከሰል ጆንያ ሌላ ምን ጆንያ አለ?»

እልል ልል አፌን ከፍቼ መለስኩት። እንደምወደው ሲሰማ ማን ያምነኛል? ወደ አለቃዬ ወደ ጋሽ እንየው ሄድኩ።

«ጋሼ፣ ከዚህ ሥራ ያንሱኝ። እርስዎ ራስዎ ከመጀመሪያው ይዩት።»

«ለምን፣ ዮዲት?»

«ተጠርጣሪውን እወደዋለሁ።»

ወረቀት ገፋ አደረጉልኝ። «ጻፊና ፈርሚበት።»

ጻፍኩ፤ ፈረምኩ። እሳቸው በንጹሕ ከረጢት ከቦታው እንደገና አስመጥተው ለዩት። ከሰል የሚባል አልነበረበትም። ይኸነው በአሥራ አንደኛው ቀን ተፈታ። እኔ ስሙን ባነበብኩበት ደቂቃ ባለመናገሬ ወደ መዝገብ ቤት ተዛወርኩ። ይገባኛል።

ፖሊስ ጣቢያው በር ላይ ጠበቅሁት። ከስቷል። መርማሪው ወረቀቴን አንብቦለታል፤ ፊቱ ያስታውቃል።

«ስምንት ቅዳሜ ሙሉ ለእኔ ያልነገርሽኝን ለመንግሥት ነገርሽው?»

«አንተስ መቼ ጠየቅኸኝ፣ አንተ ፈዛዛ!» አልኩና እንባዬ ቀደመኝ።

ሁለት እጆቼን ያዘ። የባጃጅ ሾፌሮች ሳይቀሩ ቆመው ያዩናል።

«እኔ የምፈርምበት ወረቀት የለኝም» አለ። «ዮዲት፣ እወድሻለሁ።»